ሎክ አለው፤ ግን የምኑ ሎክ ነው?

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ፊደል ነው። ገጾችን የሚስል ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) አለን፤ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ስክሪንሹት ላከልን። ገጹ በሙሉ ደህና ነው። መሃል ላይ ያለች አንዲት ፊደል ብቻ ተበላሽታለች። የላይኛው ግማሿ «ለ» ነው፣ የታችኛው ግማሿ ደግሞ «መ»። ገጹን ዘግቶ ሲከፍተው ተስተካከለ። እኔ ጋ ሞከርኩት፤ አልመጣም። ደጋገምኩት፤ አልመጣም። «የማይደገም» የሚል ምልክት ለጠፍኩበትና ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ።

ይህን ማድረጌ እስካሁን ያሳፍረኛል። ያቺ ግማሽ ፊደል መልሱን ይዛ ነበር የመጣችው። አንዱ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሮጡት ሥራዎች አንዱ) ገና እየጻፈ ሌላው አነበበ፤ ግማሽ ፊደል ሌላ ምን ትርጉም ሊኖራት ይችላል?

ላይብረሪው የሚሠራውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ገጽ ይቀበላል፣ በትንንሽ ካሬዎች ይቆራርጠዋል፣ ካሬዎቹን ለ8 ትሬዶች ያድላል። እያንዳንዱ ትሬድ የደረሰውን ይስላል። ሲያልቅ ዋናው ትሬድ ሁሉንም ገጣጥሞ ወደ ጂፒዩ (ወደ ግራፊክስ ማቀናበሪያው) ይልካል። ካሬዎቹ እርስ በርስ ስለማይነካኩ ስዕሉ ራሱ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ ያለው ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙባቸው ነገሮች ላይ ነው፦ ፎንቶች፣ አንዴ የተሳሉ ፊደሎች የሚቀመጡበት ካሽ፣ ቴክስቸሮች (ጂፒዩው የሚጠቀምባቸው ምስሎች)፣ የቀለም ሽግግር ሰንጠረዦች። ላይብረሪው ሲወለድ ባለ አንድ ትሬድ ነበር። ትሬዶቹ የመጡት ከዓመታት በኋላ ነው። ሎኮቹም (አንዱ ትሬድ ከያዛቸው ሌላው እስኪለቀቁ የሚጠብቃቸው ቁልፎች) እንደዚያው፤ እዚህ ክራሽ ሲያደርግ አንድ ሎክ፣ እዚያ ሲያደርግ ሌላ ሎክ። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ የተባለው ለእንዲህ ያለው ኮድ ይመስለኛል።

ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ሁለት ሪፖርቶች ተከተሉ። አንዱ ክራሽ ነው። ፕሮግራሙ ፊደል ካሹ ውስጥ እያለ ይወድቃል፤ የወደቀበት አድራሻ ደግሞ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። በሌላኛው መስኮቱ ደርቆ ይቀራል። የሲፒዩው ሥራ ዜሮ፣ ስህተት የለ፣ መልእክት የለ። ሦስት የተለያዩ ባጎች (የኮድ ስህተቶች) መሰሉኝና ለየብቻ ማሳደድ ያዝኩ። ጊዜዬን ያቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፦ ፕሪንት፣ ማለትም ኮዱ የት እንደደረሰ በጽሑፍ የሚያሳውቅ መስመር። የካሹ መግቢያና መውጫ ላይ ፕሪንት ደረደርኩ። ባጉ ጠፋ። ፕሪንቱን አወጣሁት፤ ባጉ ተመለሰ። ለካ ፕሪንትም ውስጡ የራሱ ሎክ አለው። ትሬዶቹ ለመጻፍ ሲሰለፉ ሳይታሰብ ይጠባበቃሉ፤ የሚጋጩባት ቅጽበትም ትዘጋለች። ፕሪንት ስታደርጉ የሚጠፋ ባግ ካጋጠማችሁ ተፈታ ብላችሁ እንዳትዘጉት። ግን ዘሩን አውቃችኋል፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሙከራዬ ኮዱን ማንበብ ነበር። የፊደሉ ምስል የሚጻፍበት ቦታ ላይ የፎንቱ ሎክ ተይዟል። የሚነበብበት ቦታ ላይ ደግሞ የካሹ ሎክ ተይዟል። ሁለቱም ጋ ሎክ አለ! ያነበበው ሁሉ «ሎክ አለው» ብሎ ያልፋል። እኔም አልፌዋለሁ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ሁለት በር ያለው ክፍል አስቡ። አንዱ በፊት በር ገብቶ ቆለፈ፣ ሌላው በጓሮ በር ገብቶ ቆለፈ። ሁለቱም «ቆልፌያለሁ» ይላሉ፤ ሁለቱም ግን ውስጥ ናቸው።

እሺ ብዬ የሚነበብበት ቦታ ላይ የፎንቱንም ሎክ ጨመርኩበት። የተበላሸችው ፊደል ሄደች። መስኮቱ ግን አልፎ አልፎ ይደርቅ የነበረው በየግማሽ ሰዓቱ መድረቅ ጀመረ። ጉድ ፈላ።

የደረቀውን ፕሮግራም ሳልገድል ዲበገር (የፕሮግራምን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ) አያያዝኩበት። ጂዲቢ በሚባለው ዲበገር ላይ የሁሉንም ትሬዶች የጥሪ ዝርዝር (እያንዳንዱ ኮዱ ውስጥ የት እንደቆመ) በአንድ ትእዛዝ ማውጣት ይቻላል። ተራ በተራ አነበብኳቸው። ስድስቱ የካሹ ሎክ በር ላይ ቆመዋል። ትሬድ 3 አዲስ ፊደል ስሎ ጨርሷል፤ የፎንቱን ሎክ እንደያዘ ፊደሏን ካሽ ውስጥ ሊያስገባ የካሹን ይጠብቃል። ትሬድ 6 ደግሞ የካሹን ሎክ ይዟል፤ እኔ ትናንት በጨመርኳት መስመር ላይ ቆሞ የፎንቱን ይጠብቃል። ማን ምን እንደያዘ መገመትም አላስፈለገኝም። ሊኑክስ ላይ ሙቴክሱን (ሎኩ የሚሠራበትን ዕቃ) ራሱን ዲበገር ውስጥ ስታዩት የያዘው ትሬድ መለያ ቁጥር ውስጡ ተጽፏል። ቁጥሮቹን አመሳከርኩ። ሦስተኛው ስድስተኛውን፣ ስድስተኛው ሦስተኛውን። እንዲህ ተያይዘው እስከ ዘለዓለም ይቆማሉ።

ከዚያ ኮዱን ሳገላብጥ የድሮውንም መድረቅ አገኘሁት። ካሹ ሲሞላ አሮጌ ፊደሎችን የሚያስወጣው ፈንክሽንም (አንድን ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ካሽ ይዞ ፎንት ይጠይቃል። ካሹ የሚሞላው ከስንት አንዴ ስለሆነ ብቻ ነው ሳይታወቅ የኖረው።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኮፍማንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጽሑፍ ዴድሎክ (እንዲህ ተጠባብቆ ደርቆ መቅረት) እንዲፈጠር አራት ነገሮች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው ብለው ነበር። ነገሩ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው ብቻ የሚያዝ መሆን አለበት። አንዱን ይዞ ሌላውን መጠበቅ መኖር አለበት። የተያዘውን ነጥቆ መውሰድ የማይቻል መሆን አለበት። ጥበቃውም ዞሮ ክብ መግጠም አለበት። ከአራቱ አንዱን ካፈረሳችሁ ዴድሎክ የለም። እንደኛ ባለ ላይብረሪ ውስጥ በቀላሉ የሚፈርሰው የመጨረሻው ነው፦ ሁሉም ሰው ሎኮችን በአንድ ቅደም ተከተል ይያዝ።

ያን ጊዜ ግን እንዲህ ረጋ ብዬ አላሰብኩም። ተናድጄ ሁሉንም ሎኮች በአንድ ትልቅ ሎክ ተካኋቸው። ፊደል አይበላሽም፣ አይወድቅም፣ አይደርቅም። በ8 ትሬድ ግን ከአንድ ትሬድ የባሰ ቀርፋፋ ሆነ፤ ሰባቱ ቆመው አንዱን ያያሉ። በሰከንድ 60 ፍሬም (ሙሉ ምስል) ለማውጣት ለአንዱ ፍሬም ያላችሁ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ወረፋው ብቻውን ይበላዋል። ቢሆንም ትልቁን ሎክ አልጣልኩትም። ቢልድ ሲደረግ (ኮዱ ወደ ፕሮግራም ሲቀየር) የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ አድርጌ አስቀረሁት። እስከ ዛሬ አዲስ ባግ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የማበራው። ባጉ ከጠፋ ጉዳዩ የሎክ ሳይሆን አይቀርም። ካልጠፋ የሂሳብ ስህተት ነው ብዬ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ኮዱን ዘግቼ ወረቀት ያነሳሁት። እስከዚያ ድረስ ጥያቄዬ «ይህ ፈንክሽን ሎክ አለው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ሎክ የሚጠብቀው ኮድ አይደለም፣ ዳታ ነው። ስለዚህ ፈንክሽኖቹን ትቼ በጋራ የሚነኩ ቫሪያብሎችን (የዳታ ማስቀመጫዎችን) አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከየአንዳንዳቸው ጎን ማን እንደሚጽፋቸው፣ ማን እንደሚያነባቸው፣ በየቦታው የትኛው ሎክ እንደተያዘ ጻፍኩ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሰንጠረዡ ሲያልቅ ግን ምንም ዲበገር አላስፈለገኝም። በአንዱ መስመር ላይ ሁለት የተለያዩ ሎኮች ካሉ ባግ ነው። ባዶ ካለ ባግ ነው።

ባዶዎቹ ላይ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተጨቃጨቅን። የካሹን መጠን የያዘች ቁጥር አለች፤ አንድ ፈንክሽን ያለ ምንም ሎክ ያነባታል። «ማንበብ ብቻ እኮ ነው የሚያደርገው፣ ሎክ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ቢበዛ ትንሽ ያረጀ ቁጥር ያነባል የሚል ነው ሐሳቡ። እኔም ድሮ እንደዚያ አስብ ነበር። ከምንጽፍበት ቋንቋ እትም ከሲ ፕላስ ፕላስ 11 ወዲህ ግን ቋንቋው ራሱ ይህን ከልክሏል። አንዱ እየጻፈ ሌላው ያለ ሎክና ያለ አቶሚክ (በመሃል የማይቆራረጥ እርምጃ) ካነበበ የፕሮግራሙ ባህሪ ምንም ዋስትና የለውም። ኮዱን ወደ ማሽን ኮድ የሚተረጉመው ኮምፓይለሩም ይህን ይጠቀምበታል። ሌላ ቦታ ላይ «ሥራው እስኪያልቅ ጠብቅ» የምትል ሉፕ (ደጋግሞ የሚዞር ኮድ) ነበረችን። ኮምፓይለሩ «እዚህ ሉፕ ውስጥ ቫሪያብሉን የሚቀይር የለም» ብሎ ንባቡን ከሉፑ ውጭ አወጣው። ሉፑ አንዴ ካየ በኋላ ዳግመኛ አያይም፤ ለዘለዓለም ይዞራል። ማሽን ኮዱን ከፍቼ ሳሳየው ባልደረባዬ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ከኔ የባሰ ጠንቃቃ ሆነ።

ሌላዋ ግኝት ደግሞ እጄን አፌ ላይ ያስጫነችኝ ናት። ሎክ የተጻፈበት፣ ሰንጠረዤም ላይ «አለው» ብዬ የሞላሁበት መስመር ነው። ችግሩ ጸሐፊው ለዩኒክ ሎኩ (ሙቴክሱን ቆልፎ በኋላ በራሱ ለሚለቀው ዕቃ) ስም አልሰጠውም፤ የሙቴክሱን ስም በክብ ቅንፍ ውስጥ ብቻ አስቀምጧል። ኮምፓይለሩ ያንን «በዚህ ስም አዲስ ባዶ ሎክ ፍጠር» ብሎ ነው የሚረዳው። ኮዱ ቢልድ ይደረጋል፣ ይሮጣል፣ ምንም ነገር ግን አይቆልፍም። በጥምዝ ቅንፍ ቢጻፍ ደግሞ ይቆልፍና እዚያው መስመር ላይ ይለቃል። ስም ስጡት። ቀልድ ይመስላል፤ እኛ ጋ በሁለት ፋይሎች ውስጥ ነበረ።

የድሮዎቹ የሲ ፋይሎች ውስጥ ስህተት ሲፈጠር ሎኩን ሳይለቁ የሚመለሱ ፈንክሽኖችም ነበሩ። ስለነሱ ብዙ የሚባል የለም፤ ለቅቀው እንዲመለሱ አደረግኳቸው።

ቅደም ተከተሉን ማስያዝ ግን ሥራ ነበር። ለያንዳንዱ ሎክ ደረጃ ሰጠሁት፦ ፎንት 1፣ ካሽ 2፣ ቴክስቸር 3። ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ መሄድ ይቻላል፣ መመለስ አይቻልም። አሮጌ ፊደሎችን የሚያስወጣው ፈንክሽን ታዲያ ካሽ ይዞ ፎንት መጠየቁን እንዴት ይተው? ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። የካሹን ሎክ ይይዛል፣ የሚወጡትን ፊደሎች ከካሹ ነቅሎ ወደ ራሱ ዝርዝር ያዛውራል፣ ሎኩን ይለቃል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፎንቶቹ የሚሄደው። የነቀላቸውን ፊደሎች ሌላ ሰው ካሽ ውስጥ ሊያገኛቸው ስለማይችል ተረጋግቶ ይሠራል። ሁለት ሎኮች እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ ለምሳሌ ሁለት ፎንቶችን አንድ ላይ መያዝ ሲያስፈልግ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ 17 የመጣው ስኮፕድ ሎክ ሁለቱንም ያለ ዴድሎክ ይይዝላችኋል።

ደንብ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ይረሳል። ስለዚህ ለሙከራ ቢልድ ብቻ የሚሠራ ትንሽ የሎክ መጠቅለያ ኮድ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ትሬድ አሁን የያዘውን ከፍተኛ ደረጃ ያስታውሳል። ወደ ኋላ ለመሄድ ከሞከረ ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ ይጮኻል። ጥቅሙ ዴድሎኩ እስኪደርስ አለመጠበቁ ነው። ሁለት ትሬዶች በአጋጣሚ መገናኘት የለባቸውም፤ አንዱ ብቻውን በተሳሳተ ቅደም ተከተል ካለፈ ይያዛል። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሎክዴፕ የሚባል ከዚህ እጅግ የተራቀቀ መሣሪያ አለው። የኔው ከ100 መስመር አይበልጥም፣ ግን በመጀመሪያው ቀን አራት ቦታ ጮኸ።

ከአራቱ አንዱ ኮልባክ ነበር። የተፈለገ ፎንት ሳይገኝ ሲቀር ተጠቃሚው የሰጠንን ፈንክሽን እንጠራለን፤ ኮልባክ የሚባለው እሱ ነው፤ የምንጠራው ደግሞ የፎንቱን ሎክ እንደያዝን ነው። ተጠቃሚው በዚያ ፈንክሽን ውስጥ ተመልሶ የኛን ላይብረሪ ቢጠራ ራሱን ይቆልፋል። ሪከርሲቭ ሙቴክስ (የያዘው ትሬድ ራሱ ደግሞ ሊይዘው የሚችል) አድርገው የሚል ምክር በብዛት ይሰጣል። እኔ አልወደውም። መቆለፉን ያስቀርላችኋል፤ ግማሽ የተቀየረ ዳታ ላይ ተመልሶ መግባትን ግን ይፈቅዳል። እኔ ያደረግኩት ሎኩን ለቅቄ መጥራት፣ ሲመለስ እንደገና መያዝ ነው። ልብ በሉ፤ እንደገና ስትይዙ ዓለም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። በመሃል ሌላ ትሬድ ያንኑ ፎንት አምጥቶ አስገብቶት ይሆናል። ሳታረጋግጡ አትቀጥሉ።

አሁን ወደ ክራሹ። ይሄኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ ሰንጠረዡ ላይ አይታይማ። እያንዳንዱ ፊደል ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት የሚቆጥር ሪፈረንስ ካውንት አለው። ቆጣሪው አቶሚክ ነው። ካሹም በሎክ የተጠበቀ ነው። ለየብቻ ሁለቱም ልክ ናቸው። አሁን እነሆ፦ ትሬድ ሀ ፊደሉን ተጠቅሞ ጨረሰ፤ ቆጣሪውን ቀነሰ፤ ዜሮ ሆነ። ሊያጠፋው ነው፤ መጀመሪያ ግን ከካሹ ለመንቀል ሎኩን መያዝ አለበት። ሎኩን ገና ሳይዝ ትሬድ ለ ካሹ ውስጥ ገባ። ፊደሉን አገኘ፣ ቆጣሪውን ወደ 1 ከፍ አደረገ፣ ይዞት ሄደ። ሀ ተራው ደርሶት ሎኩን ያዘ፣ ነቀለ፣ ሜሞሪውን ለቀቀ። ለ በእጁ ያለው የሬሳ አድራሻ ነው።

የመጀመሪያ መፍትሔዬ «ሎኩን ከያዝክ በኋላ ቆጣሪውን እንደገና እይ» የሚል ነበር። ዜሮ ካልሆነ ተው። ይሠራል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሀ ሎኩን እየጠበቀ ሳለ ለ ተጠቅሞ ጨርሶ ቆጣሪውን መልሶ ዜሮ ቢያደርገውስ? አሁን ሁለቱም «ዜሮ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ የማጠፋው እኔ ነኝ» ብለው ተሰልፈዋል። አንድ ፊደል ሁለቴ ይጠፋል። ትክክለኛው መፍትሔ የሞተን አለማስነሳት ነው። ካሹ ውስጥ የሚፈልገው ሰው ቆጣሪውን ከፍ የሚያደርገው ከዜሮ በላይ ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህም በአንድ የማይቆራረጥ አቶሚክ እርምጃ መሆን አለበት። ዜሮ ካገኘ «የለም» ብሎ ይቁጠረውና አዲስ ሠርቶ በቦታው ያስገባ። አንዲት ነገር ግን ትቀራለች። ሀ በመጨረሻ ለመንቀል ሲመጣ በዚያ ቦታ የተቀመጠው አዲሱ ፊደል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመንቀሉ በፊት የተቀመጠው የራሱ መሆኑን ያጣራ። እኔ ይህቺን ረስቼ አዲሶቹን ፊደሎች ስነቅል አንድ ሳምንት ኖሬያለሁ።

ይህን ባግ በእጄ ማስገባት የቻልኩት በመተኛት ነው። ቆጣሪው ዜሮ ከሆነበት መስመርና ሎኩ ከሚያዝበት መስመር መሃል ትሬዱን ለ10 ሚሊሰከንድ አስተኛሁት። በቀን አንዴ ይመጣ የነበረው ክራሽ በሰከንዶች ውስጥ መጣ። ጥርጣሬ ካላችሁ የተጠረጠረችውን ክፍተት አስፉት። ካስተካከላችሁ በኋላም እንቅልፉን ሳታወጡ ፈትኑት።

ከመሣሪያዎቹ ትሬድ ሳኒታይዘርን የሚያክል አላገኘሁም። ክላንግም ጂሲሲም በሚባሉት ኮምፓይለሮች ውስጥ አለ። ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገየዋል፣ ሜሞሪም ይበላል። ግን «ይህን ቦታ ይህ ትሬድ ጻፈ፣ ያ ትሬድ ያለ ሎክ አነበበ» ብሎ ከነመስመሩ ይነግራችኋል። የሚያየው የሮጠውን ኮድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ካሹን ሆን ብላችሁ ትንሽ አድርጉትና ማስወጣቱን ደጋግሞ ይሩጥ። የምትጠቀሙባቸውን ሌሎች ላይብረሪዎችም በሱ ቢልድ ካላደረጋችሁ የሌለ ነገር ሊጮህባችሁ ይችላል። ክላንግ ላይ ደግሞ ከቫሪያብሉ ጎን «ይህን የሚጠብቀው ያ ሎክ ነው» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ሎኩ ሳይያዝ የተነካበትን ቦታ ቢልድ ሲደረግ ያስጠነቅቃል። የወረቀቱ ሰንጠረዤ አሁን ኮዱ ውስጥ ነው ያለው፤ አዲስ የመጣ ልጅም እኔን መጠየቅ አያስፈልገውም።

ጂፒዩው ላይ ያለው ችግር ከሎክ ትንሽ ይለያል። ቴክስቸርም ሪፈረንስ ካውንት አለው፤ የመጨረሻው ያዥ ከሠራተኛ ትሬዶቹ አንዱ ከሆነ የሚጠፋው እዚያው ትሬድ ላይ ነው። ኦፕንጂኤል (ጂፒዩን ማዘዣ መንገድ) ላይ ግን አንድ ኮንቴክስት (ትእዛዞቹ የሚተላለፉበት ሁኔታ) በአንድ ጊዜ በአንድ ትሬድ ላይ ብቻ ነው ገባሪ የሚሆነው። ኮንቴክስት የሌለው ትሬድ «ቴክስቸሩን አጥፋ» ቢል የሚሰማው የለም። የጂፒዩ ሜሞሪያችን ቀስ በቀስ ይሞላ የነበረው ለዚህ ነው። እዚህ ሎክ ቢጨመር ምንም አይፈይድም። ሠራተኛው የሚጠፋውን ቴክስቸር ቁጥር ወረፋ ውስጥ ይጥላል፤ ዋናው ትሬድ ፍሬም ሲጀምር ወረፋውን ባዶ ያደርጋል። ሌላው የጂፒዩ ማዘዣ መንገድ ቩልካን በዚህ በኩል ግልጽ ነው። የትኛው ነገር በጠሪው በኩል መጠበቅ እንዳለበት ሰነዱ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ለአንድ ኪው (የጂፒዩ ሥራ ወረፋ) ከሁለት ትሬድ ሥራ የምታስገቡ ከሆነ ሎኩ የናንተ ዕዳ ነው። ለኮማንድ ፑል (የትእዛዞች ሜሞሪ ማከማቻ) ግን ሎክ ከማድረግ ለየትሬዱ አንድ አንድ መስጠት ይሻላል።

በመጨረሻ ፍጥነቱን ለካሁ። የካሹ ሎክ ላይ አሁንም ወረፋ ስለነበረ ካሹን እንደ ፊደሉ መለያ ለ16 ከፈልኩት፤ ለየክፍሉ የራሱ ሎክ አለው። ክፍሎቹ እኩል ደረጃ ስለሆኑ አንዱን ይዞ ሌላውን መጠየቅ ክልክል ነው፤ መጠቅለያውም ይጮኻል። የቀለም ሽግግር ሰንጠረዦቹ ግን እስከ ዛሬ በአንድ ተራ ሎክ ስር ናቸው። ኮዱን የሚያይ ሰው ሁሉ እሱን ልከፋፍለው ወይ ይለኛል። ለክቼዋለሁ፤ ማንም አይጠብቅበትም። ተውት እላለሁ።